ቆጣቢ አምፖል ለማን ይቆጥባል?

መርሳ ላይ፣ ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ገበያተኛ ሲገባ የሻጩ እጅ ወደ አንዲት ጣውላ ይሄዳል። ጣውላዋ ላይ ፖርታላምፓዳ ተመቷል፤ ሽቦው ከሶኬት ተሰክቷል። አምፖሉ ከካርቶኑ ይወጣል፣ ይጠመዘዛል፣ ይበራል። ሳይሞከር የሚወጣ የለም፣ ተሞክሮ የወጣም አይመለስም። ዋስትና የሚሰጥ ሻጭ ግን የተሸጠበትን ቀን አምፖሉ አንገት ላይ በማርከር ይጽፋል።

«እማማ፣ ይቺ ዘጠኝ ዋት ናት፤ የድሮውን ስልሳ ትተካልዎታለች» ይላል ሻጩ።

«ቆጣሪውንስ ትቀንሳለች?» ይላሉ እናት።

ሻጩ «እንዴታ!» ብሎ ሒሳቡን ይቀበላል። መልሱ ትክክል ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም። ቆጣቢ አምፖል በእርግጥ ይቆጥባል። የተቆጠበው ግን ስንት እንደሆነና ከማን ኪስ እንደሚገባ ሲታይ ነገሩ ከሱቁ ጣውላ በላይ ሰፊ ነው።

መጀመሪያ ሦስቱን አምፖሎች መለየት ያስፈልጋል። የድሮው ቢጫ አምፖል ውስጡ ቀጭን የተንግስተን ክር አለው። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ክሩ ይግላል፣ ሲግል ያበራል። ከሚበላው ኃይል ከመቶ ዘጠና እጅ በላይ የሚወጣው በሙቀት መልክ ነው፤ ብርሃን የሚሆነው ከዚያ የተረፈው ነው። በመርሳና በሐብሩ ወረዳ ቆላ ማታ ማታ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት ቢጫ አምፖል አብርቶ የተቀመጠ ሰው ያንን ሙቀት በግንባሩ ላብ ያውቀዋል።

ሁለተኛው የተጠማዘዘ የመስታወት ቱቦ ያለው ነው። ለብዙ ሰው «ቆጣቢ አምፖል» ሲባል እስከ ዛሬ የሚታየው እሱ ነው። ቱቦው ውስጥ ጥቂት የሜርኩሪ ተን አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ዓይን የማያየው ጨረር ይፈጠራል፣ የቱቦውን የውስጥ ግድግዳ የሸፈነው ነጭ ዱቄት ደግሞ ጨረሩን ወደሚታይ ብርሃን ይለውጠዋል። ሦስተኛው ኤል ኢ ዲ ነው። ክርም ጋዝም የለውም፤ ብርሃኑ የሚመነጨው ከጠጣር ቅንጣት ነው። ነጭ ኤል ኢ ዲ እንዲሠራ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ቅንጣት መፈልሰፍ ነበረበት። ለዚህ የደከሙት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ወስደዋል።

ተቀራራቢ ብርሃን ለማግኘት ቢጫው 60 ዋት፣ ባለ ቱቦው ከ11 እስከ 13 ዋት፣ ኤል ኢ ዲው ደግሞ 9 ዋት ገደማ ይበላሉ። ዕድሜያቸውም ይለያያል። ቢጫው 1,000 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ለባለ ቱቦው 8,000፣ ለደህና ኤል ኢ ዲ 15,000 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይባላል። «ይባላል» የሚለው ቃል እዚህ የገባው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በኋላ ይመጣል።

አራት አምፖል ያለው አንድ ቤት እንውሰድ። ሳሎን፣ መኝታ ቤት፣ ማዕድ ቤት፣ የበር መብራት። አራቱም በየቀኑ አምስት ሰዓት ይበራሉ እንበል። ባለ 60 ዋት ከሆኑ በወር 36 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራሉ። ባለ 9 ዋት ከሆኑ 5.4 ብቻ። ልዩነቱ ከ30 ኪሎዋት ሰዓት ያልፋል። በመቶኛ ሲነገር ያስደንቃል፤ በብር ሲተረጎም ግን ለረጅም ዘመን አያስደንቅም ነበር። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም መኖሪያ ቤት ታሪፉ ለብዙ ዓመታት 27.3 ሳንቲም ስለነበረ፣ የአራቱ ቢጫ አምፖሎች የወር ሒሳብ አሥር ብር አይሞላም ነበር። በኤል ኢ ዲ የሚተርፈው ስምንት ብር ከምናምን ነው። ለስምንት ብር ብሎ ውድ አምፖል ያልገዛን ሰው ማን ይፈርድበታል?

ይህ ሒሳብ ግን እየተቀየረ ነው። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ታሪፉ ሲሻሻል የመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት እንዳለ ተትቶ ከዚያ በላይ ያለው ከፍ አለ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአራት ዓመት ውስጥ በየሦስት ወሩ የሚጨምር አዲስ ታሪፍ ሥራ ላይ ውሏል። ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ስለዚህ የ30 ኪሎዋት ሰዓቱ ቁጠባ ዋናው ጥቅም ቤቱን ከዝቅተኛው እርከን ሳያስወጣ ማቆየቱ ነው። ቴሌቪዥንና ማቀዝቀዣ ያስገባ ቤት ይህን ልዩነት ያየዋል።

ምጣድ ያስገባ ቤት ግን ሌላ ሒሳብ ውስጥ ገብቷል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋትና ከዚያ በላይ ይስባል። እናት ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ቢጋግሩ ቆጣሪው 5.25 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። አራቱ ኤል ኢ ዲ አምፖሎች ወሩን ሙሉ አብርተው የበሉት 5.4 ነበር። አንድ የጋገራ ቀን ማለት የአንድ ወር መብራት ማለት ነው! የመጀመሪያውን እንጀራ ሳይጥሉ ምጣዱን ለረጅም ጊዜ እያጋሉ የሚተዉ፣ አሥር እንጀራ ለመጋገር ሦስት ጊዜ የሚሰኩ ቤቶች አሉ። ጋገራውን በአንድ ቀን አጠራቅሞ፣ ሊጡን አዘጋጅቶ፣ ከዚያ መሰካት በወሩ መጨረሻ ቀላል የማይባል ገንዘብ ሊያድን ይችላል። ስለ ቤት ኤሌክትሪክ ቁጠባ ሲነገር አምፖሉ ቀድሞ የሚነሳው ትልቁ በላተኛ ስለሆነ አይደለም፤ ለመቀየር ቀላሉ ስለሆነ ነው።

ተከራዩስ? በወልድያ ከተማ አንድ ግቢ ውስጥ አራት አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሥር መኖሩ የተለመደ ነው። የመብራት ሒሳቡ ከኪራዩ ጋር ተጠቃሎ ይከፈላል፣ ወይም በሰው ቁጥር ይካፈላል። ተማሪው ወይም አዲስ ተቀጣሪው ከኪሱ ኤል ኢ ዲ ገዝቶ ቢሰቅል ቁጠባው የሚገባው ቆጣሪው በስሙ ካለው አከራይ ኪስ ነው፣ ወይም ለግቢው ሁሉ ይበተናል። አከራዩ ደግሞ የተከራይ ክፍል አምፖል ሲቃጠል ርካሹን ገዝቶ ይሰጣል። ሁለቱም በየራሳቸው ሒሳብ ልክ ናቸው፤ በመካከል ቢጫው አምፖል ይነዳል። የግቢው ጠቅላላ ፍጆታ ወደ ላይኛው እርከን ሲወጣ ክፍያው የሚከብደው ግን በሁሉም ላይ ነው። ከአከራይ ጋር ተነጋግሮ የግቢውን አምፖል በአንድ ቀን መለወጥ ብቸኛው መላ ይመስላል።

ለአንድ ቤት ስምንት ብር የሆነው ነገር ለአገር ሲደመር ሌላ መጠን ይይዛል። በ2001 ዓ.ም. ግድቦች ውሃ አጥረው መብራት በፈረቃ ይታደል እንደነበር የሚያስታውሱ ብዙዎች ናቸው። ተከዜ በኅዳር፣ ጊቤ ሁለት በጥር፣ ጣና በለስ በግንቦት 2002 ዓ.ም. ተመርቀው እስኪያግዙ ድረስ የኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽኑ በናፍጣ የሚሠሩ ማመንጫዎችን እስከ መከራየት ደርሶ ነበር። በዚያው ዘመን ነው በዓለም ባንክ ገንዘብ ወደ አምስት ሚሊዮን የሚጠጉ ባለ ቱቦ አምፖሎች ለደንበኞች እንዲዳረሱ የታቀደው። ጋና ከዚያ ቀደም ብላ፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ ስድስት ሚሊዮን አምፖል ገዝታ ለሕዝብ በነጻ አድላ ነበር።

ምክንያቱ ተራ ሒሳብ ነው። ከ60 ወደ 11 ዋት የወረደ አንድ አምፖል 49 ዋት ያስቀራል። አንድ ሚሊዮን አምፖል ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ አብሮ ቢበራ የሚተርፈው 49 ሜጋዋት ነው፤ የቆቃ ግድብ ጣቢያ ሙሉ አቅም 43 ሜጋዋት ብቻ ነው። አንድ ግድብ ለመሥራት ስንት ዓመትና ስንት ገንዘብ እንደሚፈጅ ላየ አገር አምፖል መለወጥ ርካሹ ግድብ ነበር።

ዛሬስ? የሕዳሴው ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. በ5,150 ሜጋዋት አቅም ተመርቋል። እንግዲህ ቁጠባ ለምን ያስፈልጋል የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ግድቡ ባለበት ጉባ የመነጨ ኃይል መርሳ ያለ ቤት እስኪገባ ብዙ ይጓዛል፤ የመጨረሻው ጠባብ በር ደግሞ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ነው። ምሽት ሁሉም ሲያበራ፣ ምጣድና ምድጃ ሲጨመር፣ ትራንስፎርመሩ ከአቅሙ በላይ ይሸከማል፣ ፊውዝ ይበጠሳል፣ ሰፈሩ ይጨልማል። አገሪቱ የቱንም ያህል ብታመነጭ ይህ ችግር በራሱ አይፈታም። በዚህ በር ላይ የሚደርሰውን ጭነት በማቅለል ቆጣቢ አምፖል ዛሬም የራሱ ድርሻ አለው።

ከመስመሩ ጫፍ ያለ ቤት ሌላም ነገር ያውቃል። ማታ ማታ 220 ቮልት መሆን የሚገባው ወደ 180 ይወርዳል። ቢጫ አምፖል በዚህ ቮልቴጅ የሚሰጠው ብርሃን ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ክሩ ቀላ ብሎ ይታያል፣ ለንባብም አይመችም። ባለ ቱቦው ለመነሳት ይቸገራል፣ ይርገበገባል። በደንብ የተሠራ ኤል ኢ ዲ ግን ካርቶኑ ላይ ከ85 እስከ 265 ቮልት ወይም ለዚያ የቀረበ ክልል ተጽፎበት ይገኛል፤ በዚያ ክልል ውስጥ ብርሃኑ ብዙም አይለዋወጥም። ለወልድያና ለሐብሩ ገዢ ከዋቱ ይልቅ ይህ ቁጥር ሊያሳስበው ይገባል።

ከሁሉ በላይ ግን ኤል ኢ ዲ ጥቅሙን ያሳየው መስመር ባልደረሰበትና መስመር በተቋረጠበት ቦታ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ በነበረችባቸው ወራት መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋርጠው ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ ታሪፍ የሚያወራ የለም። ባለ 60 ዋቱን አምፖል አምስት ሰዓት ለማብራት 300 ዋት ሰዓት የሚያጠራቅም ባትሪና ትልቅ የፀሐይ ሰሌዳ ያስፈልጋል። ሦስት ዋት ኤል ኢ ዲ ለተመሳሳይ ሰዓት 15 ዋት ሰዓት ይበቃዋል፤ ያንን ደብተር የምታህል ሰሌዳ ከቆርቆሮው ላይ ሆና ቀን ታጠራቅመዋለች። ከአስፋልቱ ርቀው በሚገኙ የሐብሩ ቀበሌዎች ልጆች ከኩራዝ ጭስ የተላቀቁት በዚህ ምክንያት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው የብሔራዊ ኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራምም ከሕዝቡ 35 በመቶውን ከዋናው መስመር ውጭ በሆነ ኃይል፣ በተለይ በፀሐይ፣ ለመድረስ ሲያቅድ ኤል ኢ ዲን ተማምኖ ነው። ያ አምፖል ባይኖር ዕቅዱም አይታሰብም።

በከተማ ደግሞ ቻርጅ የሚይዘው አምፖል ገበያውን ይዞታል። መብራት ሲሄድ በውስጡ ባለ ባትሪ ሦስት አራት ሰዓት ይቆያል። ከፖርታላምፓዳው ወጥቶ ሥሩን በጣት ሲይዙት ይበራል፤ ልጆች ሲጫወቱበት ይታያል። ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን ባትሪው በአንድ ሁለት ዓመት ይደክማል፣ አምፖሉም ተራ አምፖል ሆኖ ይቀራል። ለዚያ ሁሉ ተጨማሪ ገንዘብ የተከፈለው ለባትሪው እንጂ ለብርሃኑ እንዳልሆነ ገዢው መርሳት የለበትም።

አሁን ወደዚያ «ይባላል» ወደሚለው ቃል መመለስ ይቻላል። በካርቶን ላይ የተጻፈ 15,000 ሰዓት በየቀኑ አምስት ሰዓት ለሚበራ አምፖል ስምንት ዓመት ማለት ነው። ኤል ኢ ዲ ገዝቶ ስምንት ዓመት ያቆየ ሰው ስንት ነው? ቅንጣቷ ራሷ ብዙ ትቆያለች፤ ቀድሞ የሚሞተው ከሥሯ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው። መብራት ሄዶ ድንገት ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ ይመታዋል። በጠባብ ሽፋን ውስጥ የታፈነ አምፖልም ሙቀቱን ማውጣት ስላልቻለ ይቃጠላል። መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ሳያበሩ መቆየት ምንም ወጪ የሌለው መከላከያ ነው።

የተቃጠለ ኤል ኢ ዲ ሲከፈት ብዙ ጊዜ ከቅንጣቶቹ አንዷ ላይ ጥቁር ነጥብ ይታያል። ቅንጣቶቹ በተከታታይ ስለተያያዙ አንዷ ስትሞት ሁሉም ይጨልማሉ። የጥገና ወጣቶች የሞተችውን በብየዳ ዘለው ሌሎቹን ያስነሷቸዋል። ብልህነቱ የሚመሰገን ነው፤ አምፖል ከመጣል ማዳንም ነው። ግን የቀሩት ቅንጣቶች ከመጠናቸው በላይ ስለሚሸከሙ ጥገናው ብዙ አይቆይም፤ ሰሌዳው በቀጥታ ከ220 ቮልቱ ጋር ስለሚገናኝም ሽፋኑን ከፍቶ ተሰክቶ ሳለ መነካካት ሰው ይገድላል።

ርካሽ ኤል ኢ ዲ ሌላም ጉድለት አለው፦ መርገብገብ። ዓይን ላያስተውለው ይችላል፤ ራስ ምታት የሚያስነሳባቸው ግን አሉ። መፈተኛው በእጅ ያለ ነው። ሱቁ ውስጥ አምፖሉ ሲሞከር የስልክ ካሜራ ከፍቶ ወደ ብርሃኑ ማቅረብ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ጥቋቁር መስመሮች ሲሮጡ ከታዩ ሌላ መጠየቅ ይሻላል። ከዋቱ ጎን «ሉመን» የሚለውን ቁጥር ማየትም ያስፈልጋል፤ ብርሃኑን የሚለካው እሱ ነውና። የድሮውን 60 ዋት የሚተካ አምፖል ከ700 እስከ 800 ሉመን መስጠት አለበት። ካርቶኑ ላይ ሉመን ካልተጻፈ አምራቹ ሊያሳየው ያልፈለገው ነገር አለ ብሎ መጠርጠር ነውር የለውም።

ቀለሙም ምርጫ ነው። ገበያችን በረዶ የመሰለውን ነጭ፣ 6,500 ኬልቪን የሚባለውን ይወዳል፤ ደማቅ ይመስላላ። ለሱቅና ለማዕድ ቤት ይስማማል። መኝታ ቤት ግን ሌላ ነው። ሰማያዊ የበዛበት ብርሃን እንቅልፍ የሚያመጣውን ሜላቶኒን የተባለ ንጥረ ነገር ያዘገያል፤ ለመኝታ 2,700 ወይም 3,000 የተጻፈበት ቢጫ ቀመስ ኤል ኢ ዲ ይሻላል። ከድሮው አምፖል ብርሃን ጋር የተወዳጁ አዛውንቶችም የሚረኩበት እሱ ነው።

ቢጫውን አምፖል ጨርሶ መሰናበት የማይችሉም አሉ። ጫጩት አሳዳጊዎች የሚገዙት ለብርሃኑ ሳይሆን ለሙቀቱ ነው። የአንድ ቀን ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ30 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል፤ ያንን ባለ 9 ዋት ኤል ኢ ዲ አይሰጥም። ሳያውቁ «ቆጣቢ» ሰቅለው ጫጩት በብርድ የሚያልቅባቸው ይኖራሉ። እዚህ ቦታ ላይ ያ የሚብጠለጠለው ብክነት ዋናው ሥራ ነው።

የቀረው ሜርኩሪው ነው፤ እሱም ባለ ቱቦውን ብቻ ይመለከታል። በአንድ አምፖል ውስጥ ያለው ብዙውን ጊዜ ከ5 ሚሊግራም አይበልጥም። በድሮው የትኩሳት መለኪያ ውስጥ ካለው ጋር ሲነጻጸር አንድ መቶኛው ያህል ነው፤ ስለዚህ አንድ አምፖል ተሰበረ ተብሎ ቤት ጥሎ መሸሽ አያስፈልግም። በመጥረጊያ መጥረግ ግን ተንና ብናኙን በክፍሉ ይበትነዋል። ልጆችን ማስወጣት፣ መስኮት ከፍቶ ሩብ ሰዓት መቆየት፣ ስባሪውን በጠንካራ ወረቀት ማፈስ፣ ብናኙን በእርጥብ ጨርቅ ማንሳት፣ ሁሉንም ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ማሸግ ነው አሠራሩ። ጨርቁ ታጥቦ ወደ ሥራ አይመለስም፤ አብሮ ይታሸጋል።

አንድ አምፖል ትንሽ ነው። በአምስት ሚሊዮን ሲባዛ ግን እስከ 25 ኪሎግራም ሜርኩሪ ማለት ነው፤ ማብቂያውም የአመድ ክምር፣ የመንገድ ቦይና ወንዝ ዳር ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። በሐብሩ ወንዝ ጠልፎ ብርቱካን፣ ማንጎና ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ከታች አለ። አምፖሎቹ ሲታደሉ የታሰበው ስለ ሜጋዋት ነበር፤ ስለ መሰብሰቢያው እኩል ቢታሰብ ኖሮ የድሮውን አምፖል ከሚተካው ጋር የማረፊያ ሳጥንም አብሮ ይመጣ ነበር።

ዓለም ባለ ቱቦውን እየተወው ነው። ሜርኩሪን በተመለከተው የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2022 ባሊ ላይ ተስማምተው የቤት ባለ ቱቦ አምፖሎች እ.ኤ.አ. ከ2025 በኋላ እንዳይመረቱ፣ ከውጭ እንዳይገቡና ወደ ውጭ እንዳይላኩ ወስነዋል። ቤቱ የሰቀለ ሰው ግን የሚሠራውን ነቅሎ መጣል አይኖርበትም፤ አገልግሎቱን እስኪጨርስ ያብራው። ሲቃጠል ሳይሰበር አዲሱ ኤል ኢ ዲ በመጣበት ካርቶን ውስጥ ይግባ፣ ልጅ ከማይደርስበት መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። ማዘጋጃ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ ወይም ሻጩ ራሱ ከሱቁ ደጃፍ አንድ ምልክት ያለበት በርሜል እስኪያቆም ድረስ ካርቶኑ ይበቃል። ሻጭ በርሜሉን ለማቆም ብዙ አይከብደውም፤ የቆየ አምፖል ይዞ የመጣ ሰው አዲስ ሳይገዛ አይመለስምና።